«ቴክ»ን እንዴት እንያዘው? ከጣና ዳር የተጻፈ የአጠናን መመሪያ

ባሕር ዳር ላይ እንግሊዝኛ ወደብ ላይም ይለመዳል፤ ባጃጅ ውስጥም፣ ሆቴል በር ላይም። እኔ የለመድኩት እንደዚያ ነው። ለጥቂት ዓመታት እንግዳ ይዤ ዘጌ ስመላለስ ቆይቻለሁ። የሰማሁትን እደግማለሁ፤ ሲስቁብኝ አስተካክላለሁ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ እንደ «ቴክ» (take) ያስቸገረኝ የእንግሊዝኛ ግሥ የለም። ልጆች ሳለን «ቴክ ማለት ወሰደ» እያልን በዜማ ሸምድደነዋል። በቃ፣ ገባን ብለን አለፍን። ከዚያ አንድ ጠዋት ጀልባ ላይ ቁጭ ብላችሁ ፈረንጆች ሲያወሩ ስሙ። አንዱ ጀልባው ስንት ሰው እንደሚይዝ ይጠይቃል፤ ቴክ ይላል። ሌላዋ ጉዞው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ትጠይቃለች፤ ቴክ። ፎቶ ላንሳችሁ፤ ቴክ። ዶላር ትቀበላላችሁ? ቴክ። ራሴን አሞኝ ኪኒን ዋጥኩ፤ ቴክ። እዚህ ወንበር ላይ ሰው አለ? እሱም ቴክ። ይሄ ሁሉ ሲባል ማንም ምንም አልወሰደም።

እንግዲህ ደብተርና እስክሪብቶ አዘጋጁ። እኔን የጠቀመኝን አካሄድ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ደረጃ 1፦ ደብተሩን በአማርኛ ግሥ ክፈሉት

ብዙ ሰው ከላይ «ቴክ» ብሎ ይጽፍና ከሥሩ ሃያ ትርጉም ይደረድራል። አያዋጣም። ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ለዚህ አንድ ግሥ 134 ፍቺ ሰጥቶታል። አምስት ገጽ ፈጅቶበታል። ያን ሸምድዶ እንግዳ የሚያናግር ሰው አላየሁም።

ገልብጡት። በግራ በኩል የአማርኛውን ግሥ ጻፉ፦ ወሰደ፣ አደረሰ፣ ተቀበለ፣ ፈጀ፣ አነሳ፣ ዋጠ፣ አወለቀ። ለእያንዳንዱ ግማሽ ገጽ ስጡት። ከዚያ በቀኝ በኩል ሙሉ የእንግሊዝኛ አረፍተ ነገር ጻፉ እንጂ «ቴክ»ን ብቻውን አትጻፉት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ለመናገር ስንነሳ ቀድሞ የሚመጣልን አማርኛው ነው። «ፎቶ ላንሳዎት» ለማለት ስናስብ ጭንቅላታችን የሚፈልገው «አነሳ»ን ነው። «አነሳ» የሚል ገጽ ከሌለ ፍለጋው እዚያው ይቀራል።

ሌላም ነገር አለ። አማርኛ ውስጥ ግሡ ሥራውን ያውቃል። «አወለቀ» ስትሉ ነገሩ ጫማ ወይም ልብስ ወይም ቀለበት መሆኑን ግሡ ራሱ ይናገራል። «ዋጠ» ስትሉ ጉሮሮው ይታያል። እንግሊዝኛው ግን ሥራውን ለስሙ ትቶ ግሡን ባዶውን ይልከዋል። «ቴክ» እንደ ታንኳ ነው። ከዘጌ ማገዶ ቢጫንበት የማገዶ ነው፣ ሰው ቢሳፈርበት የሰው።

ተስፋ የሚቆርጥ ካለ አንድ ነገር ያስብ። እኛም «ያዘ» የሚባል ግሥ አለን። ባጃጅ ያዝኩ፣ ቀጠሮ ያዝኩ፣ ጉንፋን ያዘኝ፣ ሥራ ያዘ፣ ሒሳብ ያዙልኝ። አማርኛ የሚማር ፈረንጅ በተራው እዚህ ላይ ላቡ ጠብ ይላል።

ደረጃ 2፦ ከእጃችሁ ጀምሩ

መጀመሪያ እውነተኛውን «ወሰደ» አጥሩ። «ቴክ» ዕቃው ከተናጋሪው ሲርቅ ነው። ወደ ተናጋሪው ሲመጣ «ብሪንግ» ይሆናል። አማርኛችን ይህን ልዩነት በደንብ ያውቀዋል። «ይዘህ ሂድ» ካላችሁ ቴክ፣ «ይዘህ ና» ካላችሁ ብሪንግ። «ሂድ» ወይስ «ና» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ሌላ ሕግ አያስፈልግም።

ዕቃው ሰው ሲሆን «ወሰደ» ወደ «አደረሰ» ይለወጣል። «ቴክ ሚ ቱ ዘ ኤርፖርት» ማለት «ኤርፖርት አድርሰኝ» ነው። የባጃጅ ልጆች ይህችን ጠዋት ማታ ይሰሟታል። መልሱ «አይ ካን ቴክ ዩ ቱ ቤዛዊት» ዓይነት ነው። መድረሻውን ግን አትርሱ። «አይ ቴክ ዩ» ብቻ ካላችሁ፣ ፈረንጆች ሠርግ ላይ ሙሽራው ለሙሽራዋ ቃል ሲገባ የሚላት ነው። ደግሞ ባልና ሚስት ይዛችሁ «ክብራን ገብርኤል አደርሳችኋለሁ» ከማለታችሁ በፊት፣ ሴት እንደማይገባበት ቀድማችሁ ንገሯቸው። ደሴቱ ጋ ከደረሱ በኋላ ማስረዳት ከማንኛውም ሰዋስው ይከብዳል።

«ተቀበለ»ም እዚህ ገጽ ላይ ይግባ፦ «ዱ ዩ ቴክ ካርድ?» በካርድ ትቀበላላችሁ? «ያዘ»ም እንዲሁ፦ «ዚስ ቦት ቴክስ ቴን ፒፕል» ይህ ጀልባ አሥር ሰው ይይዛል።

ግዢ ላይ ደግሞ «አይል ቴክ ኢት» የምትባል አለች። ትርጉሟ «ይሁን፣ እገዛዋለሁ» ነው። ዘጌ ላይ ከወደቡ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር ትንንሽ የደንገል ታንኳ የምትሸጥ ልጅ ነበረች። አንድ ሽማግሌ እንግዳ ዋጋ ተከራክረው ሲያበቁ «አይል ቴክ ኢት» አሏት። ልጅቷ ታንኳዋን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ከትምህርት ቤት የምታውቀው «እወስደዋለሁ» የሚለውን ነው። ሳይከፍል ሊወስድብኝ ነው ብላለች። «አይ እህቴ፣ ሊገዙት ነው እኮ» ብያት ነው የለቀቀችው።

ደረጃ 3፦ ጊዜውን ቀጥቅጡት

ከሁሉም በላይ ልፋት የሚገባው ይሄኛው ነው። «ሃው ሎንግ ዳዝ ኢት ቴክ?» ስንት ሰዓት ይፈጃል? በቀን ስንት ጊዜ እንደምትጠየቁት አትጠይቁኝ። መልሱ «ኢት ቴክስ አባውት አን አወር» ነው። አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

አሁን ወደዚህ ጠጋ በሉና አረፍተ ነገሩን አብረን እንፍታው። «ይፈጃል» ስንል የሚፈጀው ማነው? መንገዱ ነው፣ ጉዞው ነው፤ ስሙን ግን አንጠራውም። «ይ» የምትለዋ ፊደል ከግሡ ራስ ላይ ተቀምጣ ጉዳዩን ትጨርሳለች። እንግሊዝኛ ይህች «ይ» የለችውም። ስለዚህ «ኢት» የሚል ቃል ውጭ ላይ ማቆም ግድ ነው። «ቴክስ ዋን አወር» ብላችሁ ከጀመራችሁ አንገቱን የተቆረጠ አረፍተ ነገር ነው የተናገራችሁት። ሰውየው ይገባዋል፤ ግን ይሰማዋል።

ቀጥሎ «ብኝ»ን ፈልጉ። «ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ» እንላለን። ያች «ብኝ» እንግሊዝኛ ውስጥ «ሚ» ሆና ወዲያው ከግሡ ኋላ ትቀመጣለች፦ «ኢት ቱክ ሚ ስሪ አወርስ»። በመሐል «ፍሮም» ወይም «ኦን» አትጨምሩ። «ፈጀብህ» ከሆነ «ዩ»፣ «ፈጀባቸው» ከሆነ «ዜም»። «ዘጌ ለመድረስ» የሚለው ደግሞ አማርኛ ውስጥ ፊት ይመጣል፤ እንግሊዝኛ ውስጥ መጨረሻ ይሄዳል፦ «ኢት ቱክ ሚ አን አወር ቱ ሪች ዘጌ»።

የመጨረሻው ወጥመድ «ሰዓት» የሚለው ቃላችን ራሱ ነው። «አራት ሰዓት» ስንል የሰዓት ቆጣሪው አራትም ነው፣ የአራት ሰዓት ርዝመትም ነው። እንግሊዝኛው ለየብቻ ያደርጋቸዋል፤ ርዝመቱ «አወርስ»፣ ቆጣሪው «ኦክሎክ»። እኔ ሳላውቅ ለሁለት እንግዶች ጢስ ዓባይ ደርሶ መልስ አራት ሰዓት ይፈጃል ለማለት «ኢት ቴክስ ፎር ኦክሎክ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ተስማማን ብዬ ሄድኩ። በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መኪና ይዤ ሆቴሉ በር ቆምኩ። እነሱ እንቅልፍ ላይ ናቸው። ለካ የገባቸው «በአራት እንነሳለን» የሚል ነው፤ በእነሱ አራት፣ ማለት በእኛ ከቀኑ አሥር ሰዓት። የሾፌሩን ፊት እስካሁን አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ገጹ ላይ በቀይ ጽፌዋለሁ፦ የቴክ ጓደኛ አወርስ ነው እንጂ ኦክሎክ አይደለም።

ጊዜ ብቻ አይደለም የሚፈጀው። «ኢት ቴክስ ፔሸንስ» ትዕግሥት ይጠይቃል። እዚህ ላይ የአማርኛው ግሥ «ጠየቀ» ይሆናል፤ ለብቻው አንድ መስመር ስጡት።

ደረጃ 4፦ ጎረቤቱን እዩ

ከዚህ በኋላ «ቴክ»ን አትዩት፤ ከአጠገቡ የተቀመጠውን ስም እዩ። «ፒክቸር» ካለ አነሳ። «ሜይ አይ ቴክ ዩር ፒክቸር?» ላንሳዎት? መነኮሳትንና አዛውንቶችን ሳይጠይቁ ለሚያነሱ እንግዶችም ይህችኑ አስተምሯቸው። «ሜድስን» ካለ ዋጠ ወይም ወሰደ። «ኖትስ» ካለ ማስታወሻ ያዘ። «ኤግዛም» ካለ ተፈተነ፤ ቴክ የሚያደርገው ተማሪው ነው፣ መምህሩ «ጊቭ» ነው የሚያደርገው።

«ቴክ ኤ ሲት» ማለት ተቀመጡ ነው እንጂ ወንበር ይዛችሁ ሂዱ አይደለም። «ኢዝ ዚስ ሲት ቴክን?» ሲሏችሁ ደግሞ «ሰው አለው?» ማለታቸው ነው። ቡና ስታቀርቡ «ዱ ዩ ቴክ ሹገር?» በሉ፤ ስኳር ይደረግበት? የዘጌ ቡና ከሆነ ያለ ስኳር ይቅመሱት ባይ ነኝ፤ ግን የእንግዳው ምርጫ ነው።

አንዳንዶቹን ያለ ልፋት ታገኟቸዋላችሁ፤ አማርኛችን ራሱ እንዳሉ ገልብጧቸዋል። ሻወር ወሰድኩ፣ ኃላፊነት ወሰደ፣ እርምጃ ተወሰደ። ጆሮዬን ትንሽ ይኮረኩሩኛል። አያቴ «ሻወር ልውሰድ» ስላት «ወዴት?» ብላኛለች። ግን ለእንግሊዝኛው ይጠቅማሉ፤ ቃል በቃል መልሷቸው፣ ትክክል ይመጣሉ።

ቃል በቃል የማይሆኑትን ግን ለዩ። «ቴክ ፕሌስ» ቦታ ያዘ አይደለም፤ ተካሄደ፣ ተደረገ ነው። «ጥምቀት ቴክስ ፕሌስ ኢን ጃንዋሪ» ሲባል በዓሉ በጥር ይከበራል ማለት ነው። «ቴክ ፓርት» ተሳተፈ። «ቴክ ተርንስ» በየተራ አደረገ። «ቴክ ኬር» ብቻውን ሲሰናበቱ የሚባል «ደህና ሁን» ነው። «ኦቭ» ከተከተለው ግን ሌላ ነው፦ «ሺ ቴክስ ኬር ኦቭ ኸር ማዘር» እናቷን ትጦራለች፣ ታስታምማለች። አንዲት «ኦቭ» ስንብቱን ወደ መጦር ትለውጠዋለች።

ደረጃ 5፦ ትንንሾቹን ቃላት በ«አለ» ተረዷቸው

አሁን ሰው የሚሸሸው ቦታ ደረስን። ኦፍ፣ አውት፣ ኦቨር፣ ባክ፣ ኢን፣ አፍተር። አስተማሪዎች ፍሬዛል ቨርብ ይሏቸዋል። እኔ ለዓመታት ስሸሻቸው ኖሬ፣ መጨረሻ ላይ የገባኝ አማርኛ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር እንዳለን ሳስተውል ነው። «ብድግ አለ»፣ «ቁጭ አለ»፣ «ጠጋ አለ»፣ «ፈቀቅ አለ» እንላለን። እዚህ ውስጥ «አለ» ምን ይሠራል? ምንም አልተናገረም። ትርጉሙን የተሸከመችው ፊት ያለችው ትንሿ ቃል ናት። «ቴክ» ከነኦፍና ከነአውት ጋር ሲሆን ልክ እንደኛ «አለ» ነው። ልዩነቱ የእነሱ ትንሿ ቃል ከኋላ መምጣቷ ነው። «ብድግ»ን ከ«አለ» ለይቶ የሚሸመድድ ሕፃን የለም፤ እናንተም «ቴክ ኦፍ»ን እንደ አንድ ቃል ያዙት።

ትንሿን ቃል መዋጥ ምን እንደሚያመጣ ከራሴ ልንገራችሁ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት በር ላይ ነን። እንግዶቼ ገለባ የመሰለ ፀጉር ያላቸው ባልና ሚስት ናቸው። ጫማ አውልቁ ማለት ፈልጌ «ቴክ ዩር ሹስ፣ ፕሊዝ» አልኩ። «ኦፍ»ን ዋጥኳት። እነሱ ደጁ ላይ የተደረደረውን የሰው ጫማ ያያሉ፤ ማውለቅ እንዳለባቸውስ ገብቷቸዋል። የእኔን ንግግር ግን «ጫማችሁን ይዛችሁ ግቡ» ብለው ተረዱት፤ እንዳይጠፋባቸው የተጨነቅኩላቸው መስሏቸዋል። አወለቁ፣ ጭቃ የነካውን ጫማ በብብታቸው ሸጉጠው ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ገቡ። ሥዕሎቹን አንጋጠው እያዩ ሳለ አንድ አባት ከጀርባዬ መጡ። «አንተ ልጅ፣ ጫማው ምን ሊሠራ ገባ?» አሉኝ። «አባ፣ ይፍቱኝ፣ የቋንቋ ስህተት ነው» አልኩ። «ቋንቋ አላየሁም፣ ጭቃ ነው ያየሁት» ብለው መጥረጊያውን አቀበሉኝ።

ትክክሉ «ቴክ ኦፍ ዩር ሹስ» ነው። ወይም «ቴክ ዩር ሹስ ኦፍ»፤ ሁለቱም ይሄዳል። ስሙን ሳትጠሩ «አውልቋቸው» ካላችሁ ግን አንድ መንገድ ብቻ አለ፦ «ቴክ ዜም ኦፍ»። «ዜም»፣ «ኢት»፣ «ሂም» የመሳሰሉት መሐል ይገባሉ እንጂ መጨረሻ አይቆሙም። ይህ ከ«አፍተር» በቀር ለሌሎቹም ይሠራል፤ «ቴክ ኢት ባክ»፣ «ቴክ ኢት አውት»።

ይኸው «ኦፍ» አውሮፕላን ላይ ሲሆን ተነሳ ማለት ነው። «ቴክ ኤ ዴይ ኦፍ» ደግሞ አንድ ቀን ከሥራ ማረፍ። «ቴክ ኦቨር» ተረከበ፤ ካፒቴኑ ደክሞት ረዳቱ መሪውን ሲይዝ። «አይ ቴክ ኢት ባክ» ማለት ያልኩትን አንስቻለሁ ነው። «አይ ዋዝ ቴክን ኢን» ማለት ተሸወድኩ። የምወዳት ግን «ሂ ቴክስ አፍተር ሂዝ ፋዘር» ናት፦ በአባቱ ወጥቷል። አማርኛው «ወጣ» ይላል፣ እንግሊዝኛው «ወሰደ»፤ ልጁ ያው አንድ ነው።

ደረጃ 6፦ ቴክ የማይገባበትን አጥሩ

አማርኛው «ወሰደ» ብሎ እንግሊዝኛው እምቢ የሚልባቸው አሉ። «እንቅልፍ ወሰደኝ» በእነሱ ቋንቋ «አይ ፌል አስሊፕ» ነው፤ እኛ ስንወሰድ እነሱ ይወድቃሉ። ምግብና መጠጥ ላይ ብዙ ጊዜ «ሃቭ» ይቀናቸዋል፤ ቁርስ በላሁ ለማለት «አይ ሃድ ብሬክፋስት»። ጉንፋን ያዘኝ ሲሆን ግሡም ይለወጣል፣ ያዡም ይገለበጣል፦ «አይ ካውት ኤ ኮልድ»፤ ጉንፋኑን እኔ ያዝኩት ማለት ነው። «ፎቶ ተነሳሁ» ለማለት ደግሞ «አይ ቱክ ኤ ፎቶ» አትበሉ፤ ያነሳችሁት እናንተ ናችሁ ማለት ይሆናል። «አይ ሃድ ማይ ፒክቸር ቴክን» በሉ።

ደረጃ 7፦ ሦስቱን መልኮች አንደበታችሁ ላይ አስቀምጡ

ቴክ፣ ቱክ፣ ቴክን። «ቴ» ላይ ትንሽ «ይ» አስከትሉበት፣ «ቱ»ን ደግሞ አሳጥሩት። «ቱክ» ወደ «ቶክ» ከተንሸራተተ «አወራ» ይሆንባችኋል። «ዲድ» ከመጣ ኃላፊ ጊዜውን እሱ ይዞታል፤ ስለዚህ «ዲድ ዩ ቴክ» እንጂ «ዲድ ዩ ቱክ» አይባልም። ፈረንጆች ባጃጅን «ቱክቱክ» ሲሉ ብትሰሙ ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም። ከሞተሩ ድምፅ የወጣ ስም ነው።

ግሡ ራሱ መጤ መሆኑን ታውቁ ነበር? ቫይኪንጎች የሚባሉት የጥንት የሰሜን አውሮፓ ባሕረኞች ይዘውት የመጡት፣ ኖርስ ከሚባለው ቋንቋቸው የሆነ ቃል ነው። ከነ«ቱክ»ና ከነ«ቴክን» ነው የገባው። እንግሊዞች ከዚያ በፊት «ኒማን» የሚል የራሳቸው ግሥ ነበራቸው፤ ጀርመኖች ወንድሙን «ኔመን»ን ዛሬም ይጠቀሙበታል። እንግሊዝኛ ውስጥ ግን ከእሱ ከተረፉት ጥቂት ቃላት አንዱ እግር ሲደነዝዝ የሚሉት «ነም» ነው፤ ስሜቱ የተወሰደበት እንደማለት።

ደረጃ 8፦ አንድ ሳምንት ዳሩ ላይ ተለማመዱት

በቀን አንድ ገጽ ይበቃል። ሰኞ የ«ፈጀ»ን ገጽ ብቻ ይዛችሁ ውጡ። ከቤት እስከ ሐይቁ ዳር፣ ከሐይቁ ዳር እስከ ገበያ፣ ስንት እንደፈጀባችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ሰው ቢያያችሁ ስልክ ጆሯችሁ ላይ አድርጉ። ማክሰኞ «አደረሰ» እና «ተቀበለ»። ረቡዕና ሐሙስ የጎረቤት ስሞቹን፤ ከአምስት በላይ አትጨምሩ። ዓርብ ትንንሾቹን ቃላት፣ በእጅ እንቅስቃሴ ጭምር። ጫማችሁን እያወለቃችሁ «ቴክ ዜም ኦፍ» በሉ፤ አካል የሠራውን አፍ አይረሳውም። ቅዳሜ የማይገቡትን ደግሙ።

እሁድ ደብተሩን ቤት ትታችሁ ወደቡ ጋ ካሉት አግዳሚ ወንበሮች በአንዱ ላይ ቁጭ በሉ። እንግዶች ሲያልፉ ስሙ። አንዷ ቦርሳዋን ይዛ መጥታ፣ ከጎናችሁ ያለውን ባዶ ቦታ እያየች «ኢዝ ዚስ ሲት ቴክን?» ማለቷ አይቀርም። «ኖ፣ ኢት ኢዝንት» በሏትና ፈቀቅ በሉላት።